በሂደት ላይ ያለው ቤታችን

ቢቸና፣ ማክሰኞ ኅዳር 9

ዛሬ የክልል ተቆጣጣሪዎች መጥተው፣ እኛ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች በማኅበር የምንሠራቸው ቤቶች ምን ላይ እንደደረሱ ጠየቁ። ይዘናቸው ሄድን። ቦታው ሣር ብቻ ነው። እኔና ባለቤቴ ሳሎን ይሆናል ባልንበት ላይ አንዲት ላም ተኝታ ታመሰኳለች። ኃላፊያችን ላሟን እንዳላየ አልፎ «ግንባታው በሂደት ላይ ነው» አላቸው። ጽፈው ሄዱ። አናደደኝ።

አመሻሽ ላይ ባለቤቴ ደወለ። ሞጣ ያስተምራል፤ ቤቱ ሲያልቅ ተዛውሮ እንዲመጣ ነው ተስፋችን። «ቤታችንስ እንዴት ሆነ?» ሲለኝ ሳላስበው «በሂደት ላይ ነው» አልኩት። ደንግጬ «አንተስ መቼ ነው የምትመጣው?» አልኩት።

«እሱም በሂደት ላይ ነው።»

ሳቅን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን በዚያች ላም ቀናሁ። እሷስ ገብታበታለች።