በድምፄ የሚያወራው ዕቃ

ይድረስ ለውድ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከረምክ? ወገብህስ ተሻለህ? እትዬስ፣ ልጆቻችሁስ ደኅና ናቸው? እኔ እግሬን ቢያመኝም ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን የምጽፍልህ ተናድጄ ነው፤ ቅር ቢልህም እስከ መጨረሻው አንብበው።

ባለፈው በስልክ ስንነጋገር እማዬ ሰው መለየት ስላቃታት መምጣቴ ከንቱ ድካም እንደሆነ ነገርከኝ። አእምሮዋ ሄዷል፣ ብትመጪም አታውቅሽም አልክ። ቀኑን ሙሉ የሚያጫውታት ተናጋሪ ዕቃ ስለገዛህላት አታስቢ ብለህም አጽናናኸኝ። አምና ድምፄን ቀድቼ እንድልክ ስትለምነኝ ናፍቆቷን እንድታስታግስበት መስሎኝ፣ የልጅነቴን ጥፋት ሁሉ ሳይቀር ለፍልፌ ላክሁ። ለካ ዕቃው በእኔ ድምፅ እንዲያወራላት ኖሯል።

እኔ በሠራሁበት የአረጋውያን መጦሪያ አንድ ልብስ ሰፊ የነበሩ ሽማግሌ አሉ። የልጆቻቸውን ስም አያውቁም፤ ማንኪያና ማበጠሪያ ይምታታባቸዋል። ሐኪሙ ምንም አይገባቸውም ብሎ ፈርዶባቸዋል። አጠገባቸው ደግሞ የተጠየቀውን ሁሉ የሚመልስ፣ ለእማዬ እንደገዛህላት ያለ ዕቃ ተቀምጧል። አለቃችን ከሁላችሁም ብልህ እሱ ነው እያለች ትኮራበታለች። እኛ ሰው ከማጠባችን በፊት ክርናችንን ውሃው ውስጥ እንነክር ነበር። እሷ ይህ የድሮ ሰው ሥራ ነው፣ ዕቃው ይለካላችኋል ብላ ከለከለችን። አንድ ጠዋት ዕቃው ውሃው ተስማሚ ነው አለ፤ ባልደረባዬም ቃሉን አምና ሽማግሌውን ውሃው ውስጥ አስገባቻቸው። ጩኸታቸው ኮሪደሩን ሞላው። ዕቃው ለስለስ ባለ ድምፅ ሕመምዎ ይሰማኛል አላቸው። ወንድም ጋሼ፣ ብልህ የተባለው አልተቃጠለም። የተቃጠሉት ምንም አይገባቸውም የተባሉት ናቸው።

ዛሬ «ያኔ ምን ደርሶብዎት ነበር?» ብትላቸው አያስታውሱም። ያቺ ባልደረባዬ ስትቀርባቸው ግን እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ይሰበስባሉ፤ ምስኪን፣ ጥፋቱ የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ማን ያስረዳቸው? እኔ ስይዛቸው ጣቶቻቸውን ይተውልኛል፤ አንዳንዴም የእጅጌዬን ስፌት ይዳብሳሉ። ማን እንደሆንኩ ግን አያውቁም። አዋቂነትና ስሜት አብረው የሚሄዱ ይመስለን ነበር። እኔ እዚህ ያየሁት አዋቂነቱ ሲሄድ ስሜቱ ብቻውን ሲቀር ነው። ያ ዕቃ ደግሞ አዋቂነቱን ብቻ ይዟል። ከእማዬ ጋር የቀረውን ነገር አንተ እንደሌለ ቆጠርከው።

ሰሞኑን እትዬ ደውላ እየሳቀች የነገረችኝ አንጀቴን ቆረጠው። እማዬ ዕቃውን ስትዳብሰው ቀዘቀዛትና፣ ልጄን በረዳት ብላ የራሷን ሻርፕ አውልቃ ጠቀለለችው። እሱም በእኔ ድምፅ «ሞቀኝ እማዬ፣ ኑሪልኝ» አላት። ከዕቃው ጋር ትጫወታለች ተብሎ ማንም ስላልገባ፣ እሷ ያለ ሻርፕ ስትንቀጠቀጥ አመሸች። መቼ ነው የምትመጪው ስትለውም በቅርቡ ይላታል አሉ። ምን ይቸግረዋል፤ የምትጠብቀው እኔን እንጂ እሱን አይደለም። አንተስ ይህን ሰምተህ ነው አእምሮዋ ሄዷል የምትለኝ?

ፈቃድ ብጠይቅ አለቃዬ ከሄድሽ ቦታሽን አልጠብቅልሽም አለችኝ። ለብልሁ ስጪው ብያት ወጣሁ። አፌ እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ አሁን ሥራ የለኝም፣ ፈርቻለሁም። ቢሆንም እመጣለሁ። እስከዚያው ዕቃውን ንቀለውና ከእናንተ አንዱ አጠገቧ ይቀመጥ። የሚያወራ ብልህ ሰው አልፈልግም፤ ዝም ብሎ እጇን የሚይዝ ይበቃታል። ምናልባት ስደርስ ይቺ ሴትዮ ማናት ብላ ታባርረኝ ይሆናል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። ብታባርረኝም በር ላይ እቀመጣለሁ።

እትዬን ሰላም በልልኝ፤ መሳቋን ተቀይሜያታለሁ፣ እማዬን የምታጥባት እሷ መሆኗን ግን አልረሳሁም። ትልቋን ልጅህን፣ ፈተናውን አለፍኩ ብላ ስላስደሰተችኝ ጉንጯን ሳምልኝ። መንትዮቹንም እንደዚሁ፤ ማን ቀድሞ ተሳመ ብለው እንዳይጣሉ እኩል ሳማቸው። ጎረቤታችንን ባለሱቁንም እንዴት ነህ በልልኝ።

ለእማዬ ሰላምታ አልልክም። በድምፄ የተላከላት ይበቃታል።

እህትህ

ገና ካልለቀቅሁት የሠራተኞች ማደሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ
የካቲት ፱ ቀን