ኅዳር ወይስ ገና

ጥቅምት 7፣ ዓርብ፣ ጧት 1 ሰዓት ተኩል

ምስር እየለቀምኩ ነው ደብተሬ፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ቻለው። ሐረግ ደወለች። ልጄ ከአሜሪካ ልትመጣ ነው! ከሄደች ዘጠኝ ዓመት። የመኖሪያ ወረቀቷ አለቀላት። ፈቃድ የሚሰጧት ግን አሥር ቀን ብቻ፣ እሱንም አንዴ። ወይ ታንክስጊቪንግ ለሚሉት በዓላቸው፣ ወይ ለኛ ገና። የቱ ይሻልሻል እማ አለችኝ። እስከሚቀጥለው ዓርብ ለአለቃዋ መንገር አለባት።

ወዲያው ገና ማለት ነበረብኝ። ላስብበት አልኩ። ምን የሚታሰብ ነገር አለ? ምስሩን ከነጠጠሩ ጣድኩት መሰለኝ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ታንክስጊቪንግ ምን እንደሆነ አስረድታኛለች። የምስጋና ቀን ነው። ድሮ መከር ሲገባ የጀመሩት። ቅዳሴ የለው፣ ስጦታ የለው። ዘመድ ከያለበት ይሰበሰባል፤ ተርኪ የሚሉትን ጠቦት የሚያህል ዶሮ ጠብሰው ይበላሉ፤ ከዚያ ሁሉም በየተራ የሚያመሰግንበትን ይናገራል። አለቀ።

34 ዓመት አስተምሬ ማወዳደር ሱስ ሆኖብኛል። ገና የጌታ ልደት ነው፤ ሌሊቱን ቆመህ፣ አርባ ምናምን ቀን ጾመህ የምትደርስበት። የነሱ ሳይጾሙ የሚፈስኩት! ደግሞ ለምስጋና በዓመት አንድ ቀን? እኛ እንቅፋት ሲመታንም ተመስገን ነው።

ለከድጃ በአጥር በኩል አወራሁላት። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ናት። “ያረቢ! የኛ አልሐምዱሊላህ ቀጠሮ የለው፣ የነሱ ተራ ይጠብቃል እንዴ?” ብላ አሳቀችኝ።

ማታ ካላንደር አወረድኩ። ቀኑ ኅዳር 18፣ ሐሙስ ይውላል። ጾሙ የሚገባው 15። ጉድ! ልጄ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መጥታ በጾም በአራተኛው ቀን በሽሮ ልታመሰግን ነው። ይሄን ስነግራት ራሷ ገና ትላለች።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ብርድ። የመካነ ሰላም ነፋስ ዘንድሮ ቸኩሏል። ከቤት አልወጣሁም። ደምሴን ሳስብ ዋልኩ።

ባሌ የት/ቤት ዳይሬክተር ሆኖ ደም ይፈራ ነበር። በገና ዋዜማ እጅጌውን ይሰበስባል፣ ያማትባል፣ ከዚያ ዓይኑን ይጨፍናል። ዓይን ጨፍኖ ዶሮ ማረድ! አንድ ዓመት ዶሮው በከፊል ታርዶ አመለጠና አጥር ዘሎ ከድጃ ግቢ ገባ። የኛን እርድ አትነካ ነገር፣ እንዲሄድም አትፈቅድ ነገር፤ ደምሴ እስኪደርስ በመጥረጊያ ከባ ጠበቀችው። እስከ ዛሬ ስታወራው ታለቅሳለች፣ በሳቅ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ። የገና ጨዋታ። ተማሪዎቹ ዓመቱን ሙሉ የዳይሬክተሩን ቅልጥም ሲመኙ ይከርማሉ። በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ! ሩሯን ትተው እግሩን ይመታሉ። ሐረግ ኮቱን ታቅፋ ዳር ቆማ ትጮኻለች። እያነከሰ ይገባል፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። እኔ ለከድጃ ቤት ለብቻው የጋገርኩትን ድፎ እልካለሁ። ምንም አልጎደለንም ነበር። ያን ጊዜ አላወቅኩም ነበር እንጂ እኔም በየተራ ቁጠሪ ብባል የማመሰግንበት ሞልቶኝ ነበር።

ናፈቀኝ ደብተሬ። በጣም ናፈቀኝ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ትናንት ያልጻፍኩትን ልጻፍ። ላንተ እውነት ካልተናገርኩ ለማን እናገራለሁ።

ሴት ዶሮ አታርድም። ወንድ የሌለው ቤት ዶሮውን ይዞ በር ላይ ይቆማል፤ አላፊ ክርስቲያን ወንድ አስቁሞ እረድልኝ ይላል። ነውር የለውም፤ ስንቷ ታደርገዋለች። ደምሴ በሞተ በመጀመሪያው ገና ዶሮ ገዛሁ፣ በር ላይ ቆምኩ። የድሮ ተማሪዬ መጣ፤ አሁን የልጆች አባት ነው። እረድልኝ ማለት አቃተኝ። ካልኩ ደምሴ የለም ማለት ነው። ዶሮ ልሸጥ የወጣሁ መስሎት ዋጋ ጠየቀኝ! አይሸጥም ብዬ ገባሁ። ፈታሁት። በማግስቱ ለገና ሽሮ በላሁ።

ሐረግ ደወለች። ምን ሠራሽ እማ? ዶሮ ወጥ፣ ቤቱ ሰው በሰው ነው አልኳት። ጫጫታ እንዲመስል ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት። በሁለተኛው ዓመት ዶሮም አልገዛሁም። ሬዲዮውን ግን ከፈትኩ።

ልጄ በገና ከመጣች በር ላይ መቆሜ ነው። ላስብበት ያልኩት ለዚህ ነው። ግን በገና ትምጣ። እሷ ካለች እቆማለሁ። ነገ እነግራታለሁ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ተጣላን።

ገና ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። ኅዳር ይሁንልኝ አለች። ጾም ነው አልኳት። ግድ የለም፣ ሽሮ ናፍቆኛል አለች። ለምን ኅዳር? ታድበሰብሳለች። በገና ቤትሽ በሰው ይሞላል፣ እኔ አላስፈልግሽም አለችኝ።

የገዛ ሬዲዮዬ! አሁን እውነቱን መናገር ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። በራሴ ነው የተናደድኩት፣ በትሩ ያረፈው በሷ ላይ። የፈረንጅ ምስጋና ከአባትሽ ገና በለጠብሽ ወይ አልኳት። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ። ኔትወርክ ይሁን እሷ አላውቅም። መልሼ ብሞክር አይሠራም።

እንዴት እንዲህ ይባላል? ቀብሩ ላይ ሳትደርስ መቅረቷ እስከ ዛሬ ያቃጥላታል። ምላሴን በቆረጠው።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ፣ ጧት

ኔትወርክ ተመለሰ። የድምፅ መልእክት ልካለች። ሦስት ጊዜ ሰማሁት።

በዚያች ሐሙስ ከተማው ጭር ይላል አለች። ሱቁ ይዘጋል፣ አብሯት የሚሠራው ሁሉ ወደ ዘመዱ ይበራል። በየዓመቱ ስጠይቃት ጓደኞቼ ጋ ነኝ፣ በላን ጠጣን ትለኝ ነበር። ውሸት ነው። ተረኛ ልሁን ብላ ትለምናለች። ካልተሳካ መጋረጃ ዘግታ የቀዘቀዘ ሩዝ ትበላለች። የኛ ገና እዚያ ተራ የሥራ ቀን ነው፤ እየሮጠች ሳታስበው ይመሻል። ሐሙሷ ግን አልመሽ ትላለች። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዚያ ቀን እናቴ ፊት ለፊት ልቀመጥ አለች። አባቴን አልረሳሁም እማ ብላ ጨረሰች።

እኔና ልጄ በየበዓላችን ስንዋሻሽ ኖረናል።

ከድጃ ሳለቅስ አገኘችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። የገናውን ስጀምር እጇን አወናጨፈች። “ሬዲዮሽን በግድግዳ እሰማው የለ ወይ? የኛ ሰውዬ ቢላ አለው፣ እርዱ አይሆንሽም እንጂ ድሮ በላክሁት። አብሽሪ፣ ያንቺንም ንገሪያት።”

4 ሰዓት

ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ጻፍኩ፦ በኅዳር ነይ። ሽሮም ምስርም አለ፣ ከድጃም አለች፣ ሐሙስ ሙሉ ቀን ፊት ለፊት እንቀመጣለን።

ወዲያው መለሰች። ለአለቃዋ ነግራለች። ኅዳር 16 ትገባለች።

የገናዬን ነገር አልጻፍኩላትም። ብነግራት ለኔ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ኅዳርን ትታ ገናን ትይዛለች። አውቃታለሁ፤ የደምሴ ልጅ ናት።