የሦስተኛው ማሽን ሻማዎች

እህት ዓለም፣ እንደምን ከረምሽልኝ?

በጠራራ ፀሐይ አንድ ክፍል ሙሉ ሻማ ሲነድ አይተሽ ታውቂያለሽ? የታላቅ እህቴ ልጅ በምትሠራበት ሻማ ፋብሪካ ሦስት ማሽኖች የሠሩትን ሻማ ጎን ለጎን አብርተው፣ የቱ ቶሎ እንደሚያልቅ ሰዓት ይይዛሉ። ፎርማኑ «የሦስተኛው በአማካይ ቶሎ ያልቃል፤ ሰነፍ ማሽን ነው፣ ይነቀል!» ብሎ ሲፎክር የእኛዋ ሳቀችበት።

«ጋሼ፣ ሦስቱም እኩል ናቸው ብለን ነው የምንነሳው። የአንዱ ማሽን ሻማዎችም እኮ እርስ በርሳቸው ይበላለጣሉ። የአማካዮቹ ልዩነት ከዚያ በደንብ ካልበለጠ፣ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል» አለችው። አስልታ አየችው፤ አልበለጠም።

«ታዲያ እኩል ናቸው?» ስላት፣ «አይ አክስቴ፣ ለመክሰስ የሚበቃ ማስረጃ የለም ነው የምንለው» አለችኝ።

እኛ ደግሞ በትንሿ ሻማ ቤታችን በእጅ ከሚሠሩልን ሦስት ሠራተኞች አንዳንድ ሻማ ብቻ አብርተን፣ የዝምተኛዋ ልጅ ቀድሞ ጠፋ ብለን ልናሰናብታት! እኔ እስክመጣ እንዳትነኪያት። ከእያንዳንዳቸው ብዙ ብዙ ሻማ አስቀምጪልኝ፤ ያኔ አብርተን በደንብ እንለያለን።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ልጆችሽን ሳሚልኝ። ዝምተኛዋንም ሳሚልኝ፣ ምክንያቱን ግን እንዳትነግሪያት።