የሀኒያ ድንኳን

ኅዳር 3
ሰፈሩ፣ «አሚናት የልጅ ልጇን እንዳታለቅስ ትገርፋታለች» ይላል አሉ። ሐሰት ነው። አንድም ቀን እጄን አላነሳሁባትም። ያልኩት «ድምፅ አውጥቶ መጮህ ነውር ነው» ብቻ። ደግሞ ሀኒያ መች አለቀሰችና! እናቷ፣ ልጄ ሉብና፣ ከሞተች ሃያ ሁለት ቀን። አንዲት ዘለላ እንባ የለም። ትበላለች፣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ ትተኛለች። ሰባት ዓመቷ ነው... አልገባት ይሆን?

ኅዳር 5
ጓሮ ወጣሁ። ሀኒያ ከጎረቤት ልጅ ከኢቲሳም ጋር የታጠበ አንሶላዬን በእንጨት ወጥረው ድንኳን ሠርተዋል። ኢቲሳም ጎንበስ ብላ ገባች።
«አላህ ሰብሩን ይስጥሽ።»
ሀኒያ እንደ ትልቅ ሰው፣ «አሚን። ቁጭ በይ። ንፍሮ ብዪ።» ንፍሮው ጠጠር።
«በእናት ሞት ይቀለዳል?» ብዬ አንሶላውን ነቀልኩት። ጠጠሯን ለቅማ ቤት ገባች።

ኅዳር 6
አንድ ቃል አልተነፈሰችልኝም። እራቷንም አልበላች።

ኅዳር 7
ጎረቤቴ እናትነሽ መጣች።
«እትዬ፣ ይቺን ልጅ ለቅሶ የደረሳት አለ?»
«ምን ማለትሽ ነው? ድንኳን ሙሉ ሰው...»
«ለአንቱ ነዋ! እሷማ ውጫሌ ነበረች።»
እውነት። ጀናዛውን እንዳታይ ብለን አክስቷ ጋ ላክናት። ድንኳኑ ሲፈርስ አመጣናት። ማን አጽናናት?
አባቴ የሞተ ጊዜ... ደሴ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት። መርዶው ሲመጣ የቃል ጽሕፈት ላይ ነበርን። መምህሯ፣ «ጨርሺና ትሄጃለሽ።» ጨረስኩ። አንድ ስህተት አልነበረብኝም። እንዴት ኮርቼ ነበር!
ሉብናስ? ልጅ ሳለች ጫጩቷ ስትሞት ከሰፈራችን በታች ሐይቁ ዳር ቀብራ፣ «ነይ፣ ለቅሶ ድረሺኝ» ብላኝ ነበር። እግሯ ጭቃ፣ ዓይኗ ቀልቶ። «መጀመሪያ የቤት ሥራሽን» አልኳት። ሄጄ ቢሆን...

ኅዳር 8
አንሶላውን ራሴ ወጠርኩት። ሀኒያ መጥታ ከውስጥ ተቀመጠች። ጎንበስ ብዬ ገባሁ፤ ጉልበቴ!
«አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ ሀኒያ።»
«አሚን።» ጠጠር ዘገነችልኝ።
«እማማ... ያኛው ለቅሶ ላይ ሰዎቹ እኔን ጠየቁ?»
«አልጠየቁም። የላክሁሽ እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ።»
ያኔ ጮኸች። ጭኔ ላይ ተደፍታ፣ ድምፅ አውጥታ። አልከለከልኳትም። እኔም...
ነገ መጀመሪያ፦ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ለአስተማሪዋ መደወል፤ ሀኒያ አትመጣም። የሉብና ልብስ ለድሆች ሰደቃ ሳይወጣ፣ የምታስቀረውን እሷ ትምረጥ። ከዚያ እናቷ የሞተችበትን ቀን ከጠዋቱ ጀምሬ፣ ምንም ሳልዘል፣ ልንገራት።