ቴሌቪዥኑ ላይ ያንጠለጠልኩት አበባ

እትዬ ሱሎቻና፣

ምስሩ በስሏል፤ ጨውና እርድ ብቻ ነው የቀረው። ውሃው ከረፋድ በኋላ ስለሚሄድ ባልዲዎቹን ቶሎ ይሙሏቸው።
እኔ እህቴ ጋ ሄጃለሁ። መመለሴን እንጃ።

ትናንት አፌ ክፉ ነበር። አያትዎን ማንሳት አልነበረብኝም።
እርስዎ ግን የእንግሊዞቹ ድራማ ተከፍቶ ሳለ የአበባ ጉንጉኑን ከቴሌቪዥኑ ላይ በጥሰው ሲጥሉት፣ «አያቴን እስር ቤት ለገደሉ እንግሊዞች አበባ? በኔ ቤት?» ብለው ጮኹብኝ እንጂ ለማን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

ያ ደጋግመን የምናየው የድሮ ድራማ፣ የእንግሊዞች አገዛዝ በህንድ ያበቃበትን ዘመን የሚያሳየው፣ እዚሁ ኡዳይፑር ሲቀረጽ አባቴን አሽከር ሆኖ እንዲተውን ቀጠሩት። እሱም እንደ አያትዎ በእንግሊዝ ጊዜ የታሰረ ሰው ነው። እናቴ «ደግሞ ልታሳልፍላቸው?» ብላ ብትቆጣው፣ «አንቺ ደግሞ! ለውሸት እንግሊዝ ሻይ ባቀርብ ምን እሆናለሁ?» ብሎ ሳቀባት።

ሰው ሁሉ ለሞተበት አበባ የሚያደርገው ፎቶው ላይ ነው። አባቴ ፎቶ የለውም። ያለው ያ ድራማ ብቻ ነው። ትናንት ደግሞ ያረፈበት ቀን ነበር።

ይንገሩኝ እስቲ፣ የት ላድርግለት?

ዲስኩን አላወጣሁትም። ወፍራሙ መኮንን ጠረጴዛ ሲደበድብ፣ ከወንበሩ ጀርባ ትሪ ይዞ የቆመውን ሰውዬ ይዩት። እርስዎ ገና ከመጀመሪያው ቀን «ይሄን ሎሌ እዪው፣ እንዴት እንደተገተረ!» ብለው ስለሳቁበት፣ አባቴ ነው ማለት አቃተኝ።

ኩሱም