ጾሙ ነው ያልኩት ሕመም

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9፤ ቡሬ

የሽንዲው ገበሬ አያ ምናለ ዛሬ መድኃኒት ቤቴ መጡ። ባሕር ዳር ሲመረመሩ የጨጓራ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል።

ዓመት ሙሉ፣ ሆዳቸውን ባመማቸው ቁጥር «ጾሙ ነው» እያልኩ የጨጓራ አሲድ የሚያፍነውን ኦሜፕራዞል ስሰጣቸው ከረምኩ። በበዓለ ሃምሳ፣ ማንም በማይጾምበት ጊዜ ሲመጡ እንኳ ያንኑ ደገምኩላቸው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ!

ጋስትሪን የሚሉት ሆርሞን አሲድ ከማስመንጨት ሌላ የጨጓራን ሕዋሳት እንደሚያባዛ፣ አሲዱ በመድኃኒት ሲታፈን ደግሞ ሆርሞኑ እንደሚጨምር ተምሬ ተፈትኜበታለሁ። ካንሰሩ ከዚያ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ሕመሙን ሸፍኜ ጊዜያቸውን እንደበላሁ ግን አውቃለሁ።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «ልጄ፣ ያንተ ኪኒን ባይኖር እስካሁንም አልቆይ ነበር። እስቲ ጨምርልኝ።»

ኦሜፕራዞሉን ከመደርደሪያው አንስቼ ጨመርኩላቸው።