ከኋላ ተቀመጪ

ልጄ ጤናዬ፣ መካኒሳ አቦ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን፤ ላሚቱም ወልዳለች።

«አየር መንገዱ ብዙ ስለተመላለስኩ ከኋላ አንስቶ በነፃ አንደኛ ማዕረግ አስቀመጠኝ» ያልሽውን አባትሽ አነበበልኝ። ወደዚህ ስትመጪ እምቢ በይ። የጎረቤታችን የገዲሴ ልጅ ለታም ባለፈው ወር እንደዚያው አክብረውት፣ በሙሉ ልብስ ከሁሉ ቀድሞ ከአውሮፕላን ወረደ። እናቱ አብሬያት ከቆምኩበት ከአውሮፕላን ማረፊያው ሰገነት ላይ እልል ብላ ስሙን ጠራች። ደረጃው ሥር የቆሙት ታጣቂዎች «ለታ አንተ ነህ? አድሃሪ» ብለው አፉን በሰደፍ መቱት። ጥርሱ አስፋልቱ ላይ ሲረግፍ አየሁ። ጎትተው መኪና ላይ ወረወሩት፤ ሬሳውንም እስከ ዛሬ አልሰጧትም።

አደራሽን፣ ከኋላ ተቀምጠሽ ከሕዝቡ ጋር ተጋፍተሽ ውረጂ። ይህንንም አንብበሽ አቃጥዪው። እግዜር በሰላም ያግባሽ። እኔም ከሰገነቱ ላይ ሳይሽ ስምሽን አልጠራም፤ አትቀየሚኝ።

እናትሽ